ከኋላ ክፍል ሦስተኛው ሳንቃ

ውድ እህቴ ቶዮ፣

ይህን ስታነቢ እኔ በርሽ ላይ ቆሜያለሁ። አራት ፎቅ በደረጃ ወጥቼ ነው የቆምኩት፤ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። አፌን ግን አልከፍትም። «ምን ነካት? ባሕር ተሻግራ መጥታ ሰላም እንኳ አትልም?» ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። ማውራት አይፈቀድልኝም። ደረቴ ላይ ያቀፍኩት ሰማያዊ ሹራብ ያንቺው ነው፤ የዛሬ ሰባት ዓመት ለእማዬ የሠላሳ ሦስተኛ ዓመት መታሰቢያ መጥተሽ የረሳሽው። እጅጌው ታስሯል፤ ሳታነቢ እንዳትፈቺው። መጀመሪያ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢ፣ ከዚያ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

የምጽፈው አውሮፕላን ውስጥ ነው። አውሎ ነፋሱ ነገ ማታ ደሴታችን ላይ ይደርሳል ስለተባለ ይህ የመጨረሻው በረራ ነው። ጠረጴዛዋ ከመሐረብ አትበልጥም፤ አውሮፕላኑ በተናጠ ቁጥር እስክሪብቶዬ ይስታል። ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ከመሰለሽ ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም። ፈርቻለሁ ቶዮ። አውሮፕላኑን አይደለም የፈራሁት፤ አንቺን ነው።

ባለፈው ረቡዕ ካዙሃ ደወለችልኝ። ልጅሽ እንደ እኔ ነገር አታንዛዛም። የልብሽ ቫልቭ በዚህ ሳምንት ሐሙስ እንደሚቀየር፣ ሐኪሙ ብዙ የሚያሰጋ ነገር የለም እንዳለ፣ አንቺ ግን ከአሁኑ ዕቃሽን ለጎረቤት ማደል እንደጀመርሽ ነገረችኝ። «ሞትን አይደለም የምትፈራው፣ አክስቴ» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምትደጋግመው። ጨለማ ውስጥ አስተኝተው በሩን ሲዘጉብኝ ማን ይከፍትልኛል ትላለች።» ካዙሃ ይህን ስትል ሳቅ ብላ ነበር፤ ምን እንደሆነ አታውቅማ። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ስልኩ ውስጥ «አክስቴ? አክስቴ?» እያለች ስትጣራ ይሰማኛል።

አንቺ ራስሽ ምክንያቱን የምታውቂው አይመስለኝም። ስልሳ ዓመት ሊሞላ ነው መብራት አብርተሽ ስትተኚ። ሊፍት አትገቢም። መጸዳጃ ቤት እንኳ በሩን ገርበብ አድርገሽ ነው የምትገቢው፤ ባልሽ በሕይወት ሳለ በዚህ ሲቀልድብሽ ሰምቻለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመትሽ ወደ ኦሳካ የክር ፋብሪካ ስትሄጂ መርከቡ ላይ መኝታ ክፍል ተሰጥቶሽ ሳለ፣ በር አለው ብለሽ መንገዱን ሁሉ ደጅ በብርድ ተኮራምተሽ ሄድሽ። ሰው ሁሉ «ቶዮ ስትፈጠርም ፈሪ ናት» ይላል። ውሸት ነው። ስትፈጠሪማ ዛፍ ለዛፍ የምትንጠላጠይ፣ እባብ በእንጨት የምትነካኪ ቀበጥ ነበርሽ። ፍርሃት የገባብሽ አምስት ዓመትሽ ላይ፣ በአንድ ቀን ነው። ያስገባሁብሽም እኔ ነኝ።

ያ ቀን የሴት አያታችን አጥንት የሚታጠብበት ቀን ነበር። ከሞተች ሦስት ዓመት ሞልቷታል። መቃብሯ ተከፍቶ፣ አጥንቷ ታጥቦ እንስራ ውስጥ ሊገባ፣ ቤተሰቡ በሙሉ በጠዋት ወደ መቃብሩ ወረደ። ልጆች አይሄዱም ተባለ፤ አንቺን እንድጠብቅ እኔ ቀረሁ። አባታችን አርቆ አሳቢ ሰው ስለነበር የአጥንት እንስራ የገዛው ሁለት ነው። አንዱን ይዘው ሄዱ። ሌላው ኋላ ክፍል ጥግ ላይ ክዳኑን ደፍቶ ቀረ፤ ለማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይናገርም።

አንቺ «እማዬን እፈልጋለሁ» ብለሽ ከጠዋት እስከ ቀትር አለቀስሽ። እኔም ልጅ ነበርኩ፣ አሥር ዓመቴ ነው፤ መሄድ አምሮኝ ነበር፤ ባንቺ ምክንያት የቀረሁ መስሎኝ ሆዴ ተቃጥሏል። እጅሽን ይዤ ወደ ኋላ ክፍል ወሰድኩሽና «ግቢ፣ እማዬ ጥቁር ስኳር እንስራው ኋላ ደብቃለች» አልኩሽ። እየሮጥሽ ገባሽ። በሩን ስቤ በመወርወሪያው ቀረቀርኩት። ከዚያ በውጭ ዞሬ ለዝናብ የሚዘጉትን የእንጨት መዝጊያዎች አንድ በአንድ ጎተትኳቸው፤ ክፍሉ ድቅድቅ አለ። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ፣ ቀስ አድርጌ። የአያታችንን ድምፅ አስታውሰው ነበር፤ ሻካራ፣ ዝግ ያለ። በዚያ ድምፅ «እንስራዬን የነካችው ማን ናት?» አልኩ።

«ፉሚ፣ ክፈቺልኝ» አልሽ። ሦስት ጊዜ አልሽ፤ ሦስተኛው ላይ ስሜን እንኳ መጨረስ አቅቶሽ ነበር። አልከፈትኩም። ከዚያ ዝም አልሽ። ሁሉንም ልናገር ብዬ ተነስቻለሁና ይህንንም ልናገረው፤ ዝም ስትዪ ደስ አለኝ። ተገላገልኩ ብዬ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ስኳር ድንች ልጬ በላሁ።

ስከፍት ከበሩ ሦስተኛው ሳንቃ ላይ ቆመሻል። ዐይንሽ ፈጧል፣ አይረግብም። ቀሚስሽ ረጥቦ ሽንትሽ ሳንቃው ላይ ወርዷል። ብጠራሽ አትሰሚኝም፣ ብነካሽ አታይኝም። ሳንቃውን በጨርቅ ወለወልኩት፤ መሃሉ ላይ የሰው ዐይን የሚመስል ጉጥ ነበረው፣ እሱን ስፈትግ ነበር የማስበው፦ ዛሬ እማዬ ትገድለኛለች። ስለዚህ ተሸክሜሽ ወደ ውሃ ጉድጓዱ ሄድኩና አንድ ባልዲ አፈሰስኩብሽ። እማዬ ስትመጣ «ጉድጓዱ ጋ አዳልጧት ወደቀች» አልኩ። ሁሉም አመነኝ፤ ቀሚስሽ ርጥብ ነዋ።

እንግዲህ ወጉን ታውቂዋለሽ። ሰው ሲደነግጥ ነፍሱ፣ ማቡዩ፣ የደነገጠበት ቦታ ላይ ትወድቃለች፤ ሄደው ከወደቀችበት ካልጠሯት አትመለስም። እማዬ ሩዝ አብስላ፣ ሌላ ቀሚስሽን ይዛ፣ ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት ወደ ጉድጓዱ ወረደች። ሦስት ጠጠር ለቅማ ቀሚሱ ውስጥ ቋጠረች፤ «ማቡያ፣ ማቡያ፣ ተከተዪኝ» ብላ ጠርታ፣ ሰው ሳታናግር፣ ወደ ኋላ ሳትዞር ተመለሰች። ባዶ ቀሚስ ይዛ ነው የተመለሰችው፣ እኔ ብቻ አውቃለሁ። አለበሰችሽና ደጃፉ ላይ ቆማ በቤታችን ወግ ጠየቀች። «ቶዮ፣ መጣሽ ወይ?» የተመለሰች ልጅ «መጣሁ» ማለት አለባት። አንቺ ዝም። ደግማ ጠየቀች፤ ዝም። ሦስተኛው ላይም ዝም ካልሽ ዩታዋ ልትጠራ ነው፤ ዩታ ደግሞ ከሙታን ጋር ስለምታወራ ውሸት አያመልጣትም። እኔ ከጀርባሽ ነበርኩ። እማዬ ሦስተኛ ስትጠይቅ ድምፄን አቅጥኜ «መጣሁ» አልኩ።

እማዬ አለቀሰች፤ አቅፋሽ «ልጄ ተመለሰችልኝ» አለች። ከዘጠኝ ቀን በኋላ መናገር ጀመርሽ፣ በላሽ፣ አደግሽ፣ ወለድሽ። ከዚያ ወዲያ ግን ቶዮ፣ የኖርሽው በግማሽሽ ነው። ይህን ለስልሳ ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። እማዬ ስትሞትም እጇን ይዤ አልነገርኳትም።

ከእማዬ በኋላ ወንድማችን ቤቱን ለሙዚየሙ ሰጠ። አናጢዎቹ እንጨት በእንጨት ፈትተው ከሰሜኑ ጫካ፣ ከያንባሩ አውርደው የድሮ ቤቶች መንደር ውስጥ መልሰው አቆሙት። ባሌ ሲሞት እኔም እዚያው ተቀጠርኩ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ የሙዝ ቃጫ እየሰነጠቅኩ፣ ጫፍ ለጫፍ እየቋጠርኩ፣ በረንዳ ላይ «የቤቱ አያት» ሆኖ መቀመጥ ነው። በተወለድኩበት ቤት አያት ለመምሰል መቀጠሬን የሰማ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ። እነሱ የማያውቁት፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ኋላ ክፍል አንድም ቀን እግሬን እንዳላስገባሁ ነው። ጠዋት ጠዋት ምድጃውን አቀጣጥዬ፣ ነቀዝ እንዳይበላው ቤቱን በጭስ የማጥነው እኔ ነኝ፣ የኋላውን ክፍል ግን ሌላ ሰው እንዲከፍተው እለምናለሁ። ማታ መዝጊያዎቹን ከውጭ በቀርከሃ እየገፋሁ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምዘጋው። ማኔጀሩ ጉልበቷን ያማታል ብሎ ያዝንልኛል። እኔ የምፈራው አንቺን እዚያው ቆመሽ እንዳላይሽ ነበር፤ የአምስት ዓመቷን አንቺን፣ ቀሚስሽ እንደረጠበ።

ለመታሰቢያው መጥተሽ ቤቱን ላሳይሽ የወሰድኩሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? መናፍስት በቀጥታ እንዳይገቡ ከበሩ ፊት የተሠራው የድንጋይ ግርዶሽ ጋ ስትደርሺ ቀጥ አልሽ። «ከዚህ አላልፍም» አልሽ። «ቤቱ ግን ደህና ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ የታመመ ሰው እንደሚጠየቅ። ያን ጊዜ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ አንድ አውቶብስ ጎብኚ መጣና ፎቶ ልነሳ ሄድኩ።

ካዙሃ በደወለች ማግስት መዝጊያዎቹን ስገፋ ከውስጥ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ቀስ ተብሎ። «ማነው? ተዘግቷል፣ ውጡ» አልኩ። ማንም አልነበረም። በነጋታውም በዚያው ሰዓት ተንኳኳ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው ነው፤ ቤቴ ሄጄ ሁለት ቀን እህል አልበላሁም። በማደንዘዣ አስተኝተውሽ፣ ግማሽሽ እዚህ ተቆልፎበት፣ ማን ይቀሰቅስሻል? ያ የቀረው ግማሽ ከኋላ ክፍል ውስጥ እየጠበቀኝ ሳለ የሐኪም ቢላዋ ሌላውን ግማሽ ሊነካው ነው። ግማሹ ለሐኪም፣ ግማሹ ለዩታ ይሉ የለ የኛ ሰዎች? የሐኪሙ ግማሽ ተዘጋጅቷል። ሌላው ግማሽ የኔ ዕዳ ነበር።

ትናንት እሑድ ጎብኚዎች ሲወጡ፣ ፀሐይዋ ገና ሳለች፣ ሹራብሽን ይዤ ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሙቀጫ፣ አንድ ቅርጫት፣ ግድግዳው ላይ ማብራሪያ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ያኔ እንስራው የነበረበትን ጥግ ግን አላየሁም። ከበሩ ሦስተኛውን ሳንቃ ቆጥሬ ተንበረከክሁና ሹራቡን ዘረጋሁ። «ማቡያ፣ ማቡያ፣ ተከተዪኝ» አልኩ። ቶዮ፣ የሰማሁት ድምፅ የአያታችን ነበር። ሻካራ፣ ዝግ ያለ። ለካ አርጅቻለሁ፤ ያኔ አስመስዬ ያወጣሁት ድምፅ ዛሬ የራሴ ሆኗል። እንዲህ ባለ ድምፅ ተጠርታ የትኛዋ ልጅ ትወጣለች? ሹራቡን ሳነሳው ቀላል ነው፤ ጨርቅ ብቻ። እማዬ ነፍስ ስትገባበት ልብሱ ውሃ እንደጠጣ ይከብዳል ትል ነበር።

ጋሽ ዜንኮ ያገኘኝ እንዲህ ሆኜ ነው። በር ላይ ባለ ሦስት አውታሩን ሳንሺን እየደረደረ እንግዳ የሚቀበለውን ሽማግሌ ማለቴ ነው፤ ነገረኛ ነው ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ለአውሎ ነፋሱ ጣሪያ ሊያስር ገመድ ይዞ ሲዞር መሬት ላይ ሲያየኝ የወደቅሁ መስሎት ደነገጠ። ሁሉንም ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የነገርኩት ለእሱ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አንቺ ነበርሽ መጀመሪያ መስማት ያለብሽ። ሰምቶኝ ሲያበቃ ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠና «ይህን ውጠሽ ስልሳ ዓመት ሩዝ ይወርድልሽ ነበር?» አለኝ። ከዚያ ደግሞ ባሕሩ እየሸሸ ሳለ ነፍስ መጥራቴን ሰደበኝ። መዝጊያውን ሄዶ ነቀነቀውና የላላ ቀርከሃ አሳየኝ፤ የሚያንኳኳው እሱ ነው አለ። አለ እንጂ እኔ አላመንኩትም።

ጋሽ ዜንኮ ቤታችንን ከፈቱት አናጢዎች አንዱ ነበር። ወለሉን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ፉሚ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ እኮ ከድሮው አንድም ሳንቃ የለም» አለኝ። ሁሉም ሲተከል የተቀየረ አዲስ እንጨት ነው፤ የድሮውን ምስጥ ጨርሶት ነበር፤ ክምር አድርገው እዚያው ያንባሩ ላይ አቃጠሉት። አቃጠልኳት አልኩ። በልጅነቴ ቆልፌባት፣ በእርጅናዬ አስቃጠልኳት። ግድግዳውን ይዤ «አንድም አልተረፈም?» ስለው ጭንቅላቱን አሸት አሸት አደረገ። አንድ ተርፎ ነበር አለ፤ ምስጥ ያልነካው፣ መጣሉ ያሳዘነው፤ ፊቱ ስለቆሸሸ ገልብጦ ልጎ ሌላ ቦታ አጋድሞታል።

«የት?» አልኩት።

«አንቺ ቁጭ የምትዪበት ነዋ። በረንዳው ላይ።»

በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ፣ ባትሪ ይዤ በደረቴ በረንዳው ሥር ገባሁ። ጋሽ ዜንኮ ከውጭ «እባብ ካለ ሰላም በዪልኝ» ይላል። ከመቀመጫዬ ትራስ በታች፣ ሳንቃው ጎን ላይ፣ የአናጢዎቹ ቀለም እስከ ዛሬ ይነበባል፤ «ኋላ፣ ሦስት»። መሃሉ ላይ ጉጡ አለ። ሳያንቀላፋ ቁልቁል የሚያየኝ ዐይን ነበር የመሰለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባዶ ክፍል ስፈራ፣ የተቀመጥኩት ባንቺ ላይ ነበር። ስንቱ ጎብኚ ጫማውን ሲያወልቅ ተቀምጦብሻል፣ ስንቱ ሕፃን ዘሎብሻል። እዚያው አፈር ላይ ተኝቼ አለቀስኩ፤ ጋሽ ዜንኮ እግሬን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ።

ባሕሩ የሚሞላው ዛሬ ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። አውሮፕላኑ ደግሞ ከሰዓት በኋላ። ሌላ ሰዓት የለኝም፤ ጠዋት ሩዝ አብስዬ፣ ጨውና ውሃ ይዤ ስመጣ ከአውሎ ነፋሱ በፊት የመጨረሻው አውቶብስ ግቢው ውስጥ ሰው አራግፏል። ዙሪያዬን ከበቡኝ። ማኔጀሩ «ዛሬ ምን ልታሳዪ ነው?» ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። ትራሴን አነሳሁ፣ ሳንቃው ላይ ሹራብሽን ዘረጋሁ፣ ተንበረከክሁ። ሩዙን ሳስቀምጥ ግማሹ ተደፋብኝ። በአያት ድምፅ እንደማትመጪ አውቄያለሁና ወጉን ትቼ በልጅነት ቋንቋችን፣ ያን ሁሉ ሰው ረስቼ፣ እንዲህ አልኩ።

«ቶዮ፣ ፉሚ ነኝ። አያታችን አይደለችም። ያንኳኳሁት እኔ ነኝ፣ የቀረቀርኩትም እኔ ነኝ። ጉድጓዱ ጋ አልወደቅሽም። ሦስት ጊዜ ጠርተሽኝ ሰምቼሻለሁ። አሁን ከፈትኩልሽ፤ ነይ፣ ወደ ቤት እንሂድ።»

ከዚያ ነው «ማቡያ፣ ማቡያ» ያልኩት። ከበረንዳው ሥር ሦስት ጠጠር ለቅሜ ሹራቡ ውስጥ ቋጠርኩ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ቋንቋችንን ማን ያውቃል፣ ከዋናው ደሴት የመጡ ናቸው፤ ትርኢት መሰላቸው፤ አንዱማ እንባዬን ቀረብ ብሎ ፎቶ አነሳው። አንዲት የኛው አገር አሮጊት ብቻ ከኋላ ሆና እጇን አጣምራ አንገቷን ደፋች። ሹራቡን አነሳሁት። ከበደኝ ቶዮ። ወይም ሁለት ቀን ያልበላች አሮጊት ክንድ ነው የደከመው። መማል አልችልም፤ ግን ትናንት ያነሳሁት ሹራብ አልነበረም።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገርኩም፣ ወደ ኋላዬም አልዞርኩም። የድንጋይ ግርዶሹ ጋ ስደርስ እንዳትጋጪ ብዬ ቀስ ብዬ በቀኝ በኩል ዞርኩ። ጋሽ ዜንኮ በመኪናው አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰኝ። መንገዱን ሁሉ እሱ ነበር የሚያወራው፤ «አሥራ አንድ ዓመት አፍሽን ከፍተሽ ከርመሽ ዛሬ ተራው የኔ ነው» እያለ። ትኬቱን የቆረጠልኝ፣ ለካዙሃ ደውሎ መምጣቴን የነገራት፣ ለሠራተኞቹም ጉሮሮዋን ታማለች ብሎ የዋሸልኝ እሱ ነው። ስንለያይ ግን ቀልዱን ተወና ሹራቡን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው።

ፍተሻው ጋ ሌላ መከራ መጣ። ልጅቷ ሹራቡን ሳጥኑ ውስጥ አስገቢው አለችኝ። ያቺ ማሽን አፏ እንደ ኋላ ክፍል ጨለማ ነው፤ ከፊቷ መጋረጃ አላት። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ፣ ሹራቡን ጨምቄ ያዝኩ። ከኋላዬ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። የምናገር ቢሆን ኖሮ እለምናት ነበር፣ አሁን ግን እንደ ዱዳ ቆሜ እንባዬ ይወርዳል። በዕድሜ ጠና ያለች ሌላ ሠራተኛ መጣች፤ የታሰረውን እጅጌ አየች፣ የተዘጋውን አፌን አየች። በኛ አነጋገር ዝቅ ብላ «ማቡይ ናት እንዴ፣ እማማ?» አለችኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። «ማለፍ የግድ ነው፤ ግን ብቻዋን አትሆንም» አለችኝና ሹራቡን ለብቻው ሳጥን ላይ አስተኝታ እስኪያልፍ ድረስ እጇን ሳጥኑ ላይ አድርጋ ገፋችው። ወዲያ ማዶ ሮጬ ሄጄ ተቀበልኩሽ። ቋጠሮው አልተፈታም ነበር።

አሁን መውረድ ጀምረናል፤ የኦሳካ መብራት ይታየኛል፤ ጆሮዬም ተደፍኗል። ሕንፃሽ ሊፍት እንዳለው አውቃለሁ። በደረጃ ነው የምወጣው፣ ያቀፍኳትን ይቺኛዋን ቶዮ ሊፍት ውስጥ ላስገባት አልደፍርም።

ይኸው ነው ቶዮ። ምናልባት ይዤልሽ የመጣሁት ሱፍና ጠጠር ብቻ ነው፤ ምናልባት ነፍስሽ ከነዚያ ሳንቃዎች ጋር ተቃጥላለች። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ይህን አንብበሽ ስታበቂ የምታዪኝ አስተያየት ነው። ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ስልሳ ዓመት በምን ይመለሳል? በሩን ብትዘጊብኝ መብትሽ ነው። አላንኳኳም። ደረጃው ላይ ሹራብሽን አቅፌ እቀመጣለሁ፣ እስከ ሐሙስም ቢሆን፣ ሐኪም ቤት ሲወስዱሽም ከኋላሽ እከተላለሁ። እዚያ በሩን ሲዘጉብሽ ከውጭ ማን አለ እንዳትዪ፤ እኔ አለሁ፣ ሳይከፈት ከዚያ አልነቃነቅም።

ከፈለግሽ ግን ክንድሽን ዘርጊልኝ። ሹራቡን አለብስሻለሁ፣ የመጀመሪያ ቃሌም የእማዬ ጥያቄ ይሆናል። ቶዮ፣ መጣሽ ወይ? ሦስት ጊዜ እጠይቅሻለሁ። የፈለገውን ያህል ዝም ብትዪ፣ ብፈራም፣ ባለቅስም፣ በዚህኛው ጊዜ ባንቺ ፋንታ አልመልስም።

በርሽ ላይ የቆመችው እህትሽ፣
ፉሚ